በምዕራብ በኩል አቶ አባተ

ቦንጋ ውስጥ ስለ ቤት፣ ስለ ቦታ ወይም ስለ ውርስ ወረቀት ማጻፍ የፈለገ ሰው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለችው ባለ ቆርቆሮ ዳስ ይመጣል። እዚያ ውስጥ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ሰውዬ እኔ ነኝ። እንዳለ ገሠሠ እባላለሁ፤ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በታይፕ ነው። አሁን ላፕቶፕና ማተሚያ አለኝ። መብራት ሲኖር ዘመናዊ እሆናለሁ፣ ሲጠፋ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግሜ አረጃለሁ፣ ደጋግሜም እታደሳለሁ።

ደንበኞቼ ከዋጫም፣ ከደካም፣ ከቢታ ገነትም ይመጣሉ። በየወረዳቸው ጸሐፊ ጠፍቶ አይደለም። «የእንዳለ ወረቀት ውሃ አያስገባም» የሚባል ወሬ አለ። ወሬውን ማን እንደጀመረው እኔ አውቃለሁ፤ ግን ስለ ራሴ ማውራት አልወድም።

ከምጽፋቸው ሁሉ የምኮራበት መልቀቂያ ነው። ወንድም ለእህቱ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ የውርስ ድርሻውን ሲተውለት የሚፈርመው ወረቀት ማለት ነው። ማሳረጊያው ላይ የማስገባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለችኝ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤትና ይዞታ ላይ እኔም ሆንኩ ወራሾቼ በማናቸውም ምክንያትና በማናቸውም ጊዜ የይገባኛል ጥያቄ የማናነሳ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ይህችን ድምፄን ጎርነን አድርጌ ሳነብላቸው አንዳንዱ እንባው ይመጣል። አንዳንዱ ደግሞ የሆነች ነገር ማስቀረት ይፈልጋል፤ አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ የንብ ቀፎ መስቀያ። ያኔ መነጽሬን አውልቄ «አባባ፣ ሲለቁ ይልቀቁ» እላለሁ። በሰው ንብረት ላይ እንደ እኔ የሚጨክን የለም።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ።

እናታችን ስታርፍ የቀረነው ሁለት ነን፣ እኔና ታላቅ እህቴ በዛወርቅ። አባታችን ከእሷ በፊት አርፏል። በዛወርቅ ባሏ ሲሞት ወደ እናታችን ቤት ተመልሳ እዚያው ቀረች፤ እማዬ አልጋ ላይ ከዋለች ጀምሮ ያገላበጠቻት፣ ያጎረሰቻት፣ ያጠበቻት እሷ ናት። እኔስ? እኔ በየቀኑ እየመጣሁ «ዛሬ እንዴት ነሽ?» እል ነበር። ይህንንም እንደ ማስታመም ነበር የምቆጥረው።

መምጣቱ ደግሞ አይከብድም፤ ቤቴ ከእናቴ ቤት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ሳገባ የገዛሁት ቦታ አቶ አባተ የሚባሉ የጎረቤታችን ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው ሸጡልኝና ጅማ ገቡ። ልጆቼ እዚያ ተወልደው እዚያ አደጉ፤ ግቢው ግን እስከ ዛሬ «አባተ ግቢ» ነው የሚባለው። እኔ ራሴ ባጃጅ ስይዝ «አባተ ግቢ አድርሰኝ» እላለሁ። በሁለቱ ግቢ መካከል ያለው አጥር ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። የገባሁ ሰሞን እኔው ነኝ የከፈትኩት። ጠዋት በዚያ ሾልኬ እማዬን ደህና አደርሽ እላለሁ፣ የቀረበውን እቀምሳለሁ፣ ከዚያ በእነሱ በር ወጥቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ማታም እንዲሁ። ሚስቴ ጥሩሰው «አንተ እኮ ከእናትህ ቤት አልወጣህም፣ መኝታህን ነው ያራቅከው» ትለኛለች።

የእማዬ አርባ ቀን ዳስ ተጥሎ፣ የዕድሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ምግብ ተነሥቶ ነበር። ንግግር አድርግ ያለኝ ሰው አልነበረም። ግን ያን ያህል ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳይ አያስችለኝም። ተነሣሁና እህቴ ለእናታችን ስላደረገችው ተናገርኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ሰው ራሱን ሲነቀንቅልኝ ጊዜ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ «በዚህ ቤት ላይ ያለኝን ድርሻ በሙሉ ለእህቴ ለቅቄያለሁ» አልኩ። ቄሱ መረቁኝ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ሳሙኝ። «ወንድም እንዲህ ነው» ተባለልኝ፤ በዚያች ደቂቃ ምድር ላይ ከእኔ የሚበልጥ ደግ ሰው አልታየኝም። በዛወርቅ ግን ልጅ ሆነን «ውሃ እኔ እቀዳለሁ» ብዬ ፎክሬ ባዶ እንስራ ይዤ ስመለስ ታየኝ በነበረው ዓይን አየችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አብረን አወጣን፤ የቀረው የእኔ መልቀቂያ ብቻ ሆነ። የእማዬ ቤት ፊት ለፊት ያለው ክፍል ጣሪያው በስብሶ ያፈስሳል። በዛወርቅ እሱን አፍርሳ በብሎኬት ልትሠራ፣ ከጎኑም ለአስተማሪዎች የሚከራይ ክፍል ልታወጣ አስባለች፤ የግንባታ ፈቃድ ለማውጣት ደግሞ ካርታው በስሟ መዞር አለበት። ቦንጋ ክረምቱ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ የሚታወቅበት አገር አይደለም። እህቴ ከላይ ዝናቡን ታያለች፣ ከታች እኔን ታያለች።

«እንዳለ፣ ያቺን ወረቀት ጀመርካት?» አለችኝ አንድ ጠዋት።

«መብራት የለም፣ እትዬ።»

መብራት ሲመጣ ቀለም አለቀ። ቀለም ሲገኝ ደንበኛ በዛ። በዚያው ሰሞን ከዋጫ የመጣ ኢዮሲያስ የሚባል ሰው ለታናሽ ወንድሙ መልቀቂያ አጻፈኝና ያዘዘው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨርሼ ሰጠሁት።

«ጋሽ እንዳለ፣ እጅዎ ይፈጥናል» አለኝ።

«በሰው ንብረት ላይ ነው» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ስስት ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ጠርጥሬ ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔም ከዚህ የተለየሁ አይደለሁም። ግን ያ ቤት ተሸጦ ግማሹ እጄ ላይ ሲቆጠር አንድም ቀን አልታየኝም። የፈራሁት ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ በቀዳዳው ጎንበስ ብዬ ስገባ የምገባው ወደ ቤቴ ነበር። ከፈረምኩ በኋላ ግን የምገባው ወደ ሰው ግቢ ነው፤ በሰው ግቢ ደግሞ በአጥር ቀዳዳ የሚገባው ወይ ዶሮ ነው ወይ ሌባ። በስተርጅና እናቴ ቤት እንግዳ መሆን ፈራሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ በማመልከቻ ቋንቋ ባስጌጠውም ከዚህ አያልፍም።

አንድ ጠዋት በቀዳዳው ሾልኬ ስገባ እህቴ የእማዬ አልጋ ላይ ባልዲ አስቀምጣለች። ጠብታው ባልዲው ውስጥ ጠብ ይላል። ቁርሴን አቀረበችልኝ። አልዋጥልህ አለኝ። በቀጥታ ወደ ዳሴ ሄጄ፣ መብራቱም ኖሮ፣ ቀለሙም ኖሮ፣ ደንበኛውንም ጠብቁኝ ብዬ መልቀቂያዬን ጻፍኩ።

ጻፍኩ እንጂ እንዴት እንደጻፍኩ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ ጓሮ ያለው አቮካዶ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ሲተክለው ችግኙን ቀጥ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። «የአቮካዶው ፍሬ የለቃቂው ድርሻ ሆኖ» አልኩ። ቀጥሎ ደጃፉ ላይ ያለው የእንጨት መቀመጫ መጣብኝ፤ «ለቃቂው በሕይወት እስካለ ድረስ የመቀመጥ መብቱ እንደተጠበቀ ሆኖ» አልኩ። መጨረሻ ላይ ያ ቀዳዳ። ቀዳዳ ብሎ መጻፍ ደረጃዬን ዝቅ ስለሚያደርግ «በምዕራቡ አጥር ላይ የሚገኘው መተላለፊያ እንደነበረ ይቀጥላል» አልኩ። አዋሳኞቹን ከአባቴ የድሮ ካርታ ላይ ቁጭ አደረግኋቸው፦ በሰሜን መንገድ፣ በምሥራቅ ወይዘሮ በላይነሽ፣ በደቡብ ጅረት፣ በምዕራብ አቶ አባተ። እጄ እንኳ አልተደናቀፈም።

ውልና ማስረጃ ቢሮ ሰነድ የምታረጋግጠው ሰብሌ የምትባል ሕግ የተማረች ልጅ ናት። በየቀኑ የእኔ ወረቀት እጇ ላይ ስለሚደርስ እንተዋወቃለን። እህቴ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ምስክሮቹ ከኋላ ናቸው። ሰብሌ አንብባ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ጋሽ እንዳለ፣ ይሄ መልቀቂያ ነው ወይስ የኪራይ ውል?»

«ምነው ልጄ?»

«አቮካዶው የእርስዎ፣ መቀመጫው የእርስዎ፣ መተላለፊያው የእርስዎ። ታዲያ ወይዘሮ በዛወርቅ ምን ደረሳቸው?»

«ቤቱ» አልኩ፤ ድምፄ ግን ጎርነን አላለም።

«ባለፈው አንድ አባት ባሕር ዛፌን ላስቀር ሲሉ ምን እንዳሏቸው ረሱት? እዚሁ በር ላይ ቆመው እኮ ነበር።»

አልረሳሁትም። ሰብሌ ደግሞ ጨዋ ልጅ ስለሆነች ቃሉን አልደገመችብኝም። ወደ እህቴ ዞር ስል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አለቀሰች ብዬ ሆዴ ባባ፤ ለካ እየሳቀች ነው።

ወደ ዳሴ ተመልሰን ማጥፋት ጀመርኩ። አቮካዶው ሄደ። መቀመጫው ሄደ። መተላለፊያው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። እህቴን ከመነጽሬ በላይ አየኋት፤ «እሱስ ይኑር፣ ተወው» ትለኛለች ብዬ ነበር።

«አጥፋው እንጂ፣ ሰው ይጠብቅሃል» አለችኝ።

አጠፋሁት። ከቤቱም፣ ከአቮካዶውም በላይ ይህ ቃሏ አመመኝ።

ሰብሌ እንደ ደንቡ «ተገደው ነው ወይስ በራስዎ ፈቃድ?» ብላ ጠየቀችኝ። «በአፌ ተገድጄ» ማለት አማረኝ፤ «በፈቃዴ» አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው። ያቺ ዓረፍተ ነገሬ ላይ ስትደርስ፣ «እኔም ሆንኩ ወራሾቼ» ስትል፣ እንባዬ መጣ። በራሱ ጽሑፍ የሚያለቅስ ጸሐፊ ከዚያ በፊት አላየሁም። መነጽሬን የማጸዳ መስዬ ፈረምኩ።

የተመዘገበው መልቀቂያ ለማዘጋጃ ቤቱ ገባና ካርታው ከመዞሩ በፊት ቦታው ይታይ ተባለ። የመሬት ባለሙያው አሞጽ የሚባል ወጣት ነው፤ ጎማ ጫማ አድርጎ፣ ሜትሩንና ችካሎቹን ይዞ መጣ። አዋሳኞች ወጥተው ወሰኑ ልክ መሆኑን መፈረም አለባቸው። ወይዘሮ በላይነሽ ከምሥራቅ መጡና ፈረሙ። መንገዱና ጅረቱ አይፈርሙም። አሞጽ ወረቀቱን አየ።

«በምዕራብ አቶ አባተ ይላል። አሉ?»

«እሳቸው እንኳ አርፈዋል» አልኩ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው በሚገባ አነጋገር።

«ነፍስ ይማር። ወራሾቻቸው ይጠሩልኝ።»

«ወራሾቻቸው ሸጠው ጅማ ገብተዋል።»

«እሺ፣ የገዛው ሰው ይጠራልኝ።»

የገዛው ሰው ከወዲያ የሚመጣ ይመስል ወደ ምዕራብ ዞሬ ቆሜ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ጠበቅሁ። ጥሩሰው በቀዳዳው በኩል አንገቷን ብቅ አድርጋ «አቤት» አለች። ወይዘሮ በላይነሽ ሆዳቸውን ይዘው አጥሩን ተደገፉ። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ከእማዬ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። አሞጽ ብቻ አልሳቀም፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የሚኖሩት የት ነው?»

«አባተ ግቢ» አልኩት።

ከዚህ በኋላ እሱም አልቻለም።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን አራት ማዕዘን ስጽፍ የኖርኩ ሰው የገዛ ራሴን አዋሳኝነት ዘለልኩት። ሰብሌ ዘንድ ተመልሼ ማረሚያ ጻፍኩ፤ «በምዕራብ፦ አቶ እንዳለ ገሠሠ»። እንደ ለቃቂ ፈርሜ የነበርኩት ሰው እንደ ጎረቤት ደግሞ «ከአዋሳኜ ከወይዘሮ በዛወርቅ ገሠሠ ጋር የወሰን ክርክር የለኝም» ብዬ ፈረምኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ እኔ ሁለቱን በአንድ ፊርማ አቀላቀልኳቸው። ገበያ ላይ «አቶ አባተ፣ እንዴት ዋሉ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እመልስላቸዋለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ያን ቀን ግን አሞጽ ከመሄዱ በፊት ችካሎቹን በወሰኑ ላይ ሲመታ አንደኛው ቀዳዳው መሀል ላይ አረፈ።

«ካርታው ሲወጣ እዚህ ጋ ይታጠር፣ እናቴ» አላት እህቴን። «ወሰን ላይ ክፍት ነገር ከተተወ ለልጅ ልጅ ጭቅጭቅ ያተርፋል።»

ቃሉ የእኔ ነው። ደንበኞቼን የምገሥጽበት ቃል ነው፤ ምናልባትም ከእኔ ዳስ ነው የሰማው። ምን ብዬ ልከራከር?

«እሺ» አለች እህቴ።

ካርታው በስሟ ወጣ፤ ፈቃዱም ተከተለ። ሠራተኞች መጥተው የፊቱን ክፍል ማፍረስ ጀመሩ፤ እሷ ወደ ኋላኛው ክፍል ገባች። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ ወደ ቀዳዳው ስሄድ በቆርቆሮ ተሸፍኗል። ከወዲያ መዶሻ ይሰማል። ምን እንደሚሠሩ ለማየት አንድ እርምጃ መጠጋት ይበቃ ነበር፤ አልተጠጋሁም። ዞር ብዬ በራሴ በር፣ በዋናው መንገድ፣ በጭቃው ወደ ሥራ ሄድኩ። በነጋታውም እንዲሁ። እህቴ ቤት መሄድ ተውኩ። «ጋሽ እንዳለ፣ ሱሪዎ ምነው?» ሲሉኝ «ሐኪም በእግርህ ሂድ ብሎኝ ነው» እላለሁ። ማኩረፌን ለማንም አልነገርኩም፤ ስለዚህ ከተማው በሙሉ አወቀው።

በመጨረሻ ጥሩሰው ድስት እጄ ላይ አስቀመጠች።

«የእህትህ ነው። ውሰድላት።»

«በዋናው በር አልፋለሁ» አልኩ።

«በየትኛውም እለፍ፤ ግን መጀመሪያ እዚያ ጋ ሄደህ እይ።»

ድስቱን ይዤ ሄድኩ። ቆርቆሮው ተነሥቷል። ቀዳዳው በነበረበት ቦታ በር ቆሟል። አዲስ በር አይደለም፤ ከፈረሰው ክፍል የተነቀለው፣ የአባቴ በር ነው። አረንጓዴው ቀለም ተልጧል፤ ልጅ ሆኜ በሚስማር ስሜን ለመጻፍ ሞክሬ አባቴ የገረፈኝ ጭረት እታች አለ። ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ጎንበስ ልል ነበር፤ አያስፈልግም፣ ቁመቴ ያልፋል።

እህቴ ከወዲያ ብሎኬት ላይ ተቀምጣ ሠራተኞቹን ታያለች።

«መጣህ? ወገብህን ያመኛል ትል የለም፣ ለዚያ ነው ያተለቅኩት» አለችኝ።

 እንባ እንዳይቀድመኝ ብዬ እንደ ባለሙያ በሩን መመርመር ጀመርኩ። መቀርቀሪያው ያለው በእኔ ግቢ በኩል ነው። በእሷ በኩል ምንም የለም።

«እትዬ፣ ሠራተኞቹ ተሳስተዋል» አልኩ። «ካርታው ያንቺ፣ አጥሩ ያንቺ፣ መቀርቀሪያው ባንቺ በኩል መሆን ነበረበት።»

«በእኔ በኩል ምን ይሠራልኛል?» አለች። «እኔ መቼ ዘግቼብህ አውቃለሁ? የምታኮርፈው አንተ ነህ፤ ሲያምርህ ዝጋው። ድስቱን አምጣ።»

በዚያ በር ገብቼ ቁርስ በላሁ። ዛሬም በዚያው እመላለሳለሁ። ያ መቀርቀሪያ አንድም ቀን ተዘግቶ ስለማያውቅ ዝናቡ አዝጎት ከቦታው አይነቃነቅም። ጥሩሰው «ዘይት ቀባው እንጂ፣ በርም ይቀየማል» ትለኛለች።

«መብራት የለም» እላታለሁ።